የዳኛው ብልቃጥ

ዳኛው የሞቱት በስብሰባ መካከል ነው፤ ያውም ሶፋ ላይ ተኝተው። ጫማቸውን አውልቀው ጎን ለጎን አስቀምጠዋል፣ ኮታቸውን ደረታቸው ላይ ጣል አድርገዋል፣ መነጽራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተዋል። ከምሳ በኋላ እንደ ልማዳቸው ጋደም አሉ፤ ጋደም እንዳሉ ቀሩ። ስኳር ነበረባቸው፤ ዕድሜያቸውም ገፍቷል። ሰው ሁሉ ነፍስ ይማር ብሎ ወደ ሥራው ሊመለስ ነበር።

ሬሳውን ያየው ሐኪም ግን ነገሩ አልጣመውም። ዳኛው በየቀኑ ከምሳ በፊት የሚወጉትን የኢንሱሊን ብልቃጥ ከሚሰበሰቡበት ኮሚቴ ፍሪጅ አስመጥቶ አስመረመረው። ውስጡ ያለው መድኃኒት ብልቃጡ ላይ ከተጻፈው ብዙ እጥፍ የበረታ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለው ኢንሱሊን በየፋርማሲው አይሸጥም፤ የሚገኘው በማዕከላዊው የመድኃኒት መጋዘንና በትልቁ ሆስፒታል ብቻ ነው። አንድ ሰው የዳኛውን መድኃኒት ደፍቶ በሌላ ሞልቶታል ማለት ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ኢንስፔክተሯ ተጠራች።

ኢንስፔክተሯ ጡረታዋ የተቃረበ፣ እግሯ የሚያብጥ፣ ዓይኗ ከድካም ብዛት የሚቆጠቁጣት ሴት ናት። ከቦርሳዋ የዓይን ጠብታ አይጠፋም። ባልደረቦቿ በሌለችበት «ወይዘሮ ቆይ» ይሏታል፤ ሰው ሲያወራላት በየመካከሉ እጇን አንሥታ «ቆይ እስቲ» ማለት ስለምትወድ ነው። ስሙን ሰምታዋለች። ከዚህ የባሰም ተብላ ታውቃለች።

የክትባት አማካሪ ኮሚቴው የሚሰበሰበው ላይኛው ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ደግሞ ተበላሽቷል። በየፎቁ እየቆመች፣ ሊፍቱንም ሠሪውንም እየረገመች ወጣች። ከላይ አንድ ረጅም ኮሪደር ጠበቃት። በአንድ ወገን የስብሰባው አዳራሽ፣ ትይዩው ፍሪጅ ያለባት ጠባብ ወጥ ቤት፣ ቀጥሎ ሶፋ ያለበት ማረፊያ ክፍል፣ ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት የፕላስቲክ ወንበር ብቻ ያለባት ትንሽ ክፍል። ኢንስፔክተሯ ወጥ ቤቷ ውስጥ ገብታ ያገኘችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። «እዚሁ ነኝ፤ አንድ በአንድ ይምጡልኝ» አለች። ያንን ኮሪደር ደግማ ልትመላለስበት አልፈለገችም።

መጀመሪያ የገቡት የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ በትልቁ ሆስፒታል የሕፃናት ሐኪም የሆኑት አዛውንት ሴት ፕሮፌሰር ናቸው። ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳልነካቸው ፊታቸው ይናገራል።

«ሥራችሁ ምንድን ነው? እንደ ማያውቅ ሰው አድርገው ይንገሩኝ» አለቻቸው።

«አንድ ክትባት ለአገሩ ሕፃን ሁሉ ይሰጥ አይሰጥ የሚለውን እንመዝናለን። ይሠራል ወይ? ጉዳት አለው ወይ? በሽታው ምን ያህል ይከፋል? አቅማችን ይችለዋል? ወላጅስ ይቀበለዋል? ማስረጃውን አበጥረን፣ ተከራክረን፣ ለሚኒስቴሩ ምክረ ሐሳብ እንሰጣለን። እናማክራለን እንጂ አናዝም።»

«አሁን የያዛችሁት የምን ክትባት ነው?»

«የሕፃናት ተቅማጥ። ዝናብ ሲጠና የሚመጣው፣ በየዓመቱ የሚጨርሰን።» ፕሮፌሰሯ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዛሬ ድምፅ ካልሰጠን ግዢው አይታዘዝም፤ ካልታዘዘ ክትባቱ ዝናቡ ሳይጠና አይደርስም። ሚኒስቴሩ ደግሞ ገዳዩ ሳይታወቅ ድምፅ አትሰጡም ብሎናል።»

«ፍጠኝ ነው የሚሉኝ።»

«እየለመንኩዎት ነው።»

ኢንስፔክተሯ ልጇ የወለደችውን፣ ገና ጥርስ ያላወጣውን የልጅ ልጇን አሰበች። አሰበችና ተወችው፤ ሥራ ላይ ቤቷን ማሰብ አትወድም።

«ዳኛው ሐኪም አልነበሩም። እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«የሕዝብ ወኪል ናቸው። ሕጋችን ለሕዝብ ወኪሉ አንድ ሥልጣን ይሰጠዋል፤ ነገሩ ካልጠራለት ጉዳዩን ለአንድ ዓመት በይደር ማቆየት ይችላል። ስብሰባው ከተጀመረ ጀምሮ 'በይደር ይቆይ' ሲሉ ነበር። ከትናንት በስቲያ እኔም ጮኼባቸዋለሁ፤ ሁሉም ሰምቷል፣ አልደብቅዎትም። ትናንት ረፋድ ላይ ግን ብድግ ብለው 'ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፤ አላቆየውም' አሉን። ዕንባዬ መጣ። ሰው እንዳያየኝ ወጥቼ ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ።»

«ቆይ እስቲ። ይህን ሲሉ ማን ማን ሰማ?»

«ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁላችንም።»

«ድምፅ ሳትሰጡ ለምን ለምሳ ተነሣችሁ?»

«ድምፁ የተያዘው ለከሰዓት ነበር። ከምሳ በኋላ ዳኛው ተኝተው ስለዘገዩ ሌላ አጀንዳ ጀመርን። ጸሐፊዋ ልቀስቅሳቸው ስትል ከአባሎቻችን አንዱ የሆነው ዶክተር ተነሥቶ አይቷቸው መጣና 'ደክሟቸዋል፣ ይተኙ' አለን። ኋላ ነው እሷ ገብታ...» አልጨረሱትም። «እኔ ስደርስ ሸሚዛቸው በላብ ረጥቦ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ጠብታዋን በየዓይኗ አንድ አንድ አንጠባጠበችና ለፕሮፌሰሯ ዘረጋችላቸው። «ይቅርታ፣ ይቺን ፍሪጅ ውስጥ ቢያኖሩልኝ? እግሬ አላስነሣ አለኝ።» ፕሮፌሰሯ ፍሪጁን ከፍተው ያገኙት ቦታ ላይ፣ ከወተቱ ካርቶን ጀርባ፣ አጋድመው አስቀመጡላት።

ሲወጡ ኢንስፔክተሯ ተነሥታ ጠብታዋን መልሳ አወጣች። ቀጥላ ጸሐፊዋ ገባች። መሐረቧ ከእጇ አልወጣም።

«እኔ ነኝ በእጄ የሰጠኋቸው፣ እትዬ!»

«አንቺ የሰጠሽው መድኃኒት ነው፣ ልጄ። መርዝ ያደረገው ሌላ ነው። ከየት አንሥተሽ ሰጠሻቸው?»

«ዳኛው ሁልጊዜ የሚያስቀምጡት የፍሪጁ በር ላይ፣ እንቁላል ማኖሪያው ውስጥ ነበር። ሐኪሞቹ ይቆጧቸዋል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል ይሏቸዋል። እሳቸው ደግሞ 'ስንት ወንጀለኛ ዝቶብኝ ያልሞትኩ፣ የፍሪጅ በር ነው የሚገድለኝ?' እያሉ ይስቁ ነበር።» ራሷም ልትስቅ ብላ ዕንባዋ ቀደማት። «ትናንት ስብሰባው ሲጀመር ወተት ሳስገባ እዚያው በሩ ላይ አይቼዋለሁ። ምሳ ሊደርስ አምጪልኝ ሲሉኝ ግን አጣሁት። ብፈልግ መሃል መደርደሪያው ላይ አገኘሁት።»

«ቆይ እስቲ። እንዴት ሆኖ?»

«ቀጥ ብሎ ቆሞ። ከኋላው ግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ከወተቱም ራቅ ብሎ፣ ጽሑፉ ወደ ፊት ዞሮ። ይኸው በመጨረሻ ምክር ሰሙ ብዬ ደስ አለኝ።»

ከስብሰባው መጀመሪያ እስከ ምሳ ማን እንደ ወጣ ጠየቀቻት። ጸሐፊዋ በሩ አጠገብ ስለምትቀመጥ ጠንቅቃ ታውቃለች። ፕሮፌሰሯ አንድ ጊዜ ወጥተዋል፣ የምጣኔ ሀብት ባለሙያው አንድ ጊዜ ወጥቷል፣ እሷ ራሷ ሻይ ልታመጣ ወጥታለች። የቀሩት አባላት ከወንበራቸው አልተነቃነቁም። ዶክተሩ ደግሞ ከመጀመሪያውም ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ልትወጣ ስትል ጠብታው በተራዋ ደረሳት፤ እሷም በሩ ላይ፣ እንቁላል ማኖሪያው ውስጥ ሸጎጠችው።

የምጣኔ ሀብት ባለሙያውን ኮሚቴው ውስጥ «አቶ ስንት ነው» ይሉታል። ገና ሳይቀመጥ «ይህ ነገር ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብሎ ስሙን አጸደቀ።

«እንደ እርስዎ አመላለስ ነው» አለችው። «ክትባቱን አልፈለጉትም አሉ።»

«ክትባቱን ማን ጠላ? ዋጋውን ነው እንጂ! አንድ ዓመት ብንታገሥ ሻጩ ይለዝብ ነበር። ዳኛው ጋሻዬ ነበሩ። በመጨረሻው ሰዓት ጥለውኝ ሄዱ።»

«ተናደዱ።»

«ታዲያስ! ወጥቼ ሚኒስቴር ስልክ ደወልኩ። ታች ግቢ ወርጄ ነው የጮኽኩት፤ ዘበኛው ሰምቶኛል።» ከዚያ ትከሻው ወረደ። «ጥሩ ሰው ነበሩ። ከስብሰባ በኋላ ቤቴ ድረስ የሚሸኙኝ እሳቸው ናቸው።»

ጠብታዋን ስትሰጠው የፍሪጁን በር ከፍቶ እንደ ነገሩ ወረወራትና በክርኑ ዘጋው።

መጨረሻ ላይ ዶክተሩ መጣ። የማዕከላዊው የመድኃኒት መጋዘን ኃላፊ ነው፤ ክትባት የሚቀመጥባቸውን ቀዝቃዛ ክፍሎች ሲቆጣጠር ብዙ ዓመት ስለኖረ «በረዶው» ይሉታል። ቀጠን ያለ፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ ዓይኑ ሥር የጠቆረ ሰው ነው።

«እርስዎ ለምን ክፍሉ ውስጥ አልነበሩም?»

«የክትባቱን ሙከራ የመራሁት እኔ ነኝ። በጉዳዩ ጥቅም ያለው አባል ይህንኑ ተናግሮ ይወጣል፤ ደንባችን ነው። በመጀመሪያው ቀን ጥናቱን አቀረብኩ፣ የተጠየቅሁትን መለስኩ፣ ወጣሁ። ስለ እሱ ሲነጋገሩ ጥግ ያለችው ክፍል ነው የምቀመጠው። ሌላ አጀንዳ ሲመጣ እመለሳለሁ።»

«ምን እንደተባለስ አይነግሩዎትም?»

«ክልክል ነው። ቃለ ጉባኤው እስኪጸድቅ አንዲት ቃል አይተነፍሱም። ምሳ ላይ እንኳ የሚወራው ስለ ኳስ ነው።» ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ትናንት ምሳ ላይ ዳኛው የት ተቀመጡ?»

«አጠገቤ። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና 'ዛሬ ደህና እንቅልፍ ትተኛለህ፣ ልጄ' አሉኝ።»

«ምን ማለታቸው ነበር?»

«ቀልዳቸው ነዋ። ሥራህ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ እንግዲህ ተኛ ማለታቸው ነው።» የሸሚዙን እጅጌ አስተካከለ። «ሰውየው ጉዳዩን በይደር ሊያቆዩት ነበር። በመጀመሪያው ቀን እኔ ፊት ነው የተናገሩት፤ ምን ምስጢር አለው? ሁሉም የሚያውቀው ነው።»

ኢንስፔክተሯ «ቆይ እስቲ» አላለችም።

እሱ ግን ጀምሮታልና ቀጠለ። «ድሮ የሕፃናት ሕሙማን ክፍል ነበርኩ። አንድ አልጋ ላይ ልጆች ደርበን እናስተኛ ነበር። ሰው ዝናብ ሲጥል ደስ ይለዋል፤ እኔ ጣራው ላይ ሲንኳኳ ስሰማ አልጋ መቁጠር እጀምራለሁ። አንድ ዓመት በይደር ማለት ምን ማለት እንደሆነ በሶፋ ላይ የሚያንቀላፋ ሰው አይገባውም።» ከዚያ ራሱን ሰበሰበና «ነፍሳቸውን ይማር» አለ።

ጠብታዋን ዘረጋችለት። ፍሪጁን ከፈተ፤ በሩን አላየውም። መሃል መደርደሪያው ላይ የነበረውን ካርቶን ገፋ አድርጎ ጠብታዋን ቀጥ አድርጎ አቆማት። ከኋላው ግድግዳ ራቅ አደረጋት፤ ጽሑፏን ወደ ፊት አዞረ። በሩን ዘግቶ መግጠሙን በመዳፉ ጫን ብሎ አረጋገጠ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ስለ ሌላ ነገር እያወራ ነበር።

ሲወጣ ኢንስፔክተሯ በርጩማዋ ላይ ቀረች። ነገሩ ገብቷታል፤ ግን ደስ አላላትም። ወጣት ሳለች አንድ ነገር ሲፈታላት ልቧ ይዘል ነበር። አሁን የተሰማት ያንን ደረጃ ደግማ የወጣች ያህል ድካም ብቻ ነው። ይህን ሰው ስትይዝ ምን እንደሚከተል ታውቃለች፤ ፕሮፌሰሯም ሲሰሙ ወዲያው ይገባቸዋል። ለአፍታ ያህል፣ ገዳዩ ታውቋል ብቻ ብዬ ድምፁን እስኪሰጡ ስሙን ባቆየውስ የሚል ሐሳብ መጣባት። ከማረፊያ ክፍሉ ሶፋ ሥር የዳኛው ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጦ እስከ አሁን ያነሣው ሰው የለም። ስትመጣ በተከፈተው በር አይታዋለች። ተነሣች።

አዳራሹ ውስጥ ሁሉም በየቦታቸው ተቀመጡ። «የሕዝብ ወኪል» የሚል ካርድ ባዶ ወንበር ፊት ቆሟል። በመስኮቱ ደመናው ከብዶ ይታያል።

«አላንዛዛባችሁም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ብልቃጡ ጠዋት በሩ ላይ ነበር። ምሳ ሊደርስ መሃል መደርደሪያው ላይ ተገኘ። ገዳዩ ደብቆ ሊሠራ ከፈለገ እንደ ነበረ በሩ ላይ መመለስ ነበረበት። ግን እጁ እምቢ አለው። ዕድሜውን ሙሉ ክትባት በፍሪጅ በር ላይ አታኑሩ ሲል የኖረ እጅ ነው። መሃል ላይ፣ ቀጥ አድርጎ፣ አየር እንዲዞረው ከግድግዳ አርቆ አኖረው። ዛሬ የኔን ጠብታ ለአራታችሁም ሰጥቻችሁ ነበር። አንድ ሰው በሩ ላይ ሸጎጠው፤ አንድ ሰው አጋደመው፤ አንድ ሰው ወረወረው። አንድ ሰው ብቻ ልክ እንደ ብልቃጡ አድርጎ አቆመው።»

ዶክተሩ ቀና አለ። «ማንም የሠለጠነ ሰው እንዲያ ነው የሚያስቀምጠው። በዚህ ሰው ይወነጀላል?»

«አይወነጀልም። ስለዚህ እንቀጥል። ያ ብርቱ ኢንሱሊን ኮሪደር ላይ ወድቆ አልተገኘም፤ ታስቦበት ከውጭ የመጣ ነው። ያመጣው ሰው የወሰነው ከትናንት ረፋድ በፊት ነው ማለት ነው። ያኔ ዳኛው ጉዳዩን ለዓመት ሊያቆዩት ነበር። እንዲህ ያሉ ዳኛ ቢሞቱ የሚጠቀመው ማን ነው?» ወደ ባለሙያው ዞረች። «እርስዎ አይደሉም። ያኔ ጋሻዎ ነበሩ። ለጋሻው መርዝ ይዞ የሚመጣ የለም። መጋዘኑም ሆስፒታሉም ለእርስዎ አይከፈትም።»

አቶ ስንት ነው ላቡን ጠረገ።

«ፕሮፌሰር፣ እርስዎ ክትባቱን ይፈልጉታል። ዳኛው ላይ ጮኸዋል፤ መድኃኒቱም ሆስፒታልዎ አለ። ነገር ግን ትናንት ረፋድ ላይ ዳኛው ተነሥተው አንድ ነገር ተናገሩ። እርስዎም ከዚያ በኋላ ብቻዎን በዚያች ወጥ ቤት በር አልፈዋል። ብልቃጡን የመረዙት እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ አንሥቶ ማጠቢያው ውስጥ መድፋት ብቻ ይበቃ ነበር። ጸሐፊዋም ያንን ቃል ሰምታለች። ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሁሉ ሰምቷል። ያንን ቃል የሰማና ክትባቱን የሚፈልግ ሰው ዳኛውን ሊገድል አይችልም። ብልቃጡ እስከ ምሳ ድረስ እንዳለ የቀረው፣ የመረዘው ሰው ቃሉን ስላልሰማ ነው።»

ዶክተሩ አንድ በአንድ ፊታቸውን አየ። ሁሉም ጠረጴዛውን ያያል።

«ምን ብለው ነበር?» አለ።

አቶ ስንት ነው፣ አፉ ለምዶበት፣ «ቃለ ጉባኤው አልጸደቀም» አለ። ወዲያው አፈረ።

«አሁን ይጸድቃል» አሉ ፕሮፌሰሯ። ዶክተሩ ተማሪያቸው ነበር፤ «አንተ» ብለው ነው የሚጠሩት። «ብድግ ብለው እንዲህ አሉ፤ 'እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሰው ሲዋሽ ግን አውቃለሁ፤ ዕድሜዬን የበላሁበት ሥራ ነው። ያንን ልጅ ስለ ክትባቱ ደካማ ጎን ስጠይቀው አልሸሸገኝም። ለራሱ ሥራ እንኳ አላደላም። እሱን አምኜዋለሁ፤ ስለዚህ አላቆየውም። ዝናቡ ሳይጠና ስጡ' ነው ያሉት። አንተን ነው ያመኑት።»

ዶክተሩ ለራሱ እንደሚያወራ «ደህና እንቅልፍ ትተኛለህ» አለ። «ሊነግሩኝ ነበር። ደንቡ ከልክሏቸው ነው እንጂ ሊነግሩኝ ነበር።»

«ከሰዓት ገብተው አይተዋቸዋል» አለች ኢንስፔክተሯ። «ላብ አጥምቋቸው ነበር። ይህ የስኳር ማነስ መሆኑ ለሐኪም አይጠፋውም። ያኔም ስኳር ሰጥቶ ማዳን ይቻል ነበር።»

«ይቻል ነበር» አለ። «በር ላይ ቆሜ አየኋቸው። ስንት ልጅ ነው በአንድ ሰው ብዬ ዘጋሁት።» ከዚያ በድንገት ከወንበሩ ተነሣ። «ይሁን፣ ገዳዩ እኔ ነኝ! ታወቀ አይደል? እንግዲህ ድምፁን ስጡ። ዛሬውኑ ስጡ!»

ፕሮፌሰሯ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በምን ማስረጃ? ሙከራውን የመራኸው አንተ ነህ። ለዚህ ክትባት ሲል ሰው የገደለ ሰው ያመጣውን ቁጥር ማን ይቀበለናል? የትኛዋ እናት ልጇን ታመጣለች? ከመጀመሪያው፣ በሌላ ሰው እጅ፣ እንደገና መመርመር አለበት።»

«ቁጥሩ እውነት ነው!»

«አውቃለሁ» አሉ። «አውቃለሁ፣ ልጄ። ግን ያለፈው አልፏል፤ ለዘንድሮ አይደርስም።»

አቶ ስንት ነው «ስንት ል...» ብሎ ጀመረና ተወው። የሚጨርስለትም አልነበረም።

ፖሊሶቹ ዶክተሩን ይዘውት ሲወርዱ ጸሐፊዋ ማረፊያ ክፍሉ ገብታ የዳኛውን ጫማ አነሣች። ለቤተሰባቸው ልታደርስ ጋዜጣ ፈልጋ ጠቀለለችው። ኢንስፔክተሯ ጠብታዋን ፍሪጅ ውስጥ ረስታት ወጣች።

ደረጃውን ስትወርድ በየፎቁ መስኮት ሰማዩ እየጠቆረ ሄደ። ምድር ቤት ስትደርስ የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች የፖሊስ መኪናው ጣራ ላይ ተንኳኩ። የበሩ ዘበኛ እጁን ዘርግቶ «እሰይ፣ መጣልን!» አለ። ኢንስፔክተሯ ዣንጥላዋን ሳትከፍት ቆማ ስልኳን አወጣችና ልጇ ጋ ደወለች።

«ልጁ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ እማዬ። አሁን ተኛ። ምነው ድምፅሽ?»

«ደክሞኝ ነው። ስሚ፣ ውሃውን አፍልተሽ ነው የምትሰጪው?»

«አዎ አፈላለሁ። ምነው?»

«እንዲያው ነው። ደህና አድርገሽ አፍይው።»